ግመሏ ከመምጣቷ በፊት

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ምንም ያልነበረበት ቀን ነው። ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ምልክት አልነበረም ወይ፣ ሕልም አላየህም ወይ ይሉኛል። አልነበረም። ነገሌ እንደ ወትሮዋ አቧራ ነበረች። ባጃጆች ይጮኻሉ፣ መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል። እኛ ሱቃችን ውስጥ ነን።

ሱቃችን የኮምፒውተር ሱቅ ነው። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ወንድሜ ይጠግናል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ከእሱ ጋር መዋል ጀመርኩ። ጎረቤታችን የሐጂው መጋዘን ነው። ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይት። አባታችን ከሞቱ በኋላ ሐጂው ለእኛ እንደ አባት ነበሩ፤ ይህንን ካልተናገርኩ እዋሻለሁ። ልጃቸው የወንድሜ እኩያ ነው። ቁርአን ቤት አብረው ገቡ፣ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቤታችን ሲመጣ በር አያንኳኳም ነበር።

መብራት በመጣ ቁጥር ኮምፒውተራችን ራሱ ይነሳል። ወንድሜ ነው እንደዚያ ያስተካከለው። ሰው በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ሲያሰለቸው ሌላ ሲስተም ጫነበት፤ ሲጭን ደግሞ በመነሻው ላይ የሚታየውን አርማ አጠፋና መስመሮቹ እንዲታዩ አደረገ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል እንደ ዝናብ ይወርዳል። የሚያውቅ ያነበዋል፣ የማያውቅ ይደነግጣል።

በዚያ ቀን ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ሽማግሌ መብራቱ ሲመጣ ስክሪኑን አዩና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«አካም፣ እንዴት ነው፣ ይሄ ነገር እያነበነበ ዚክር ያደርጋል እንዴ?»

«አይ አባ፣» አላቸው ወንድሜ እየሳቀ፤ «ከእንቅልፉ ነቅቶ እጄ አለ ወይ፣ እግሬ አለ ወይ እያለ ራሱን እየዳሰሰ ነው።»

«ታዲያ ሁሉም አለለት?»

«አለለት። ሰዓቱን ብቻ ነው የረሳው።»

እውነቱን ነው። ሰዓቱን የምትይዝለት እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ሞታ ነበር። ነገሌ ፈለግን፣ የለም። ሻኪሶ ለሚሄድ ሰው አደራ አልነው፣ ረሳው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚነሳው። ስልክ አገናኝተን ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ ነው ዛሬ መሆኑን የሚያውቀው።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ወንድሜ አስተማረኝ። ማስተማር ይወዳል። ይወድ ነበር።

«ሲነሳ የሚናገረውን ይጽፈዋል። ሎግ ይባላል። ግን ገና እንደነቃ መጻፍ አይችልም። ዲስኩ አልተከፈተማ። መጻፊያ የለውም። ታዲያ የሚለውን ምን ያደርገዋል?»

«ይተወዋል?»

«አይተወውም። ሚሞሪው ላይ ቋት አለችው፣ እዚያ ያስቀምጠዋል። ክሊኒክ የመጣ የገጠር ሰው አስብ። ካርድ እስኪወጣለት ድረስ በረንዳ ላይ ሕመሙን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። ካርዱ ሲወጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራል። እዚህም ዲስኩ ሲከፈት ጸሐፊው ይነሳል። ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ ሥራው መጻፍ ብቻ። ቋቷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ፋይል ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ የሚባለውን እየሰማ ይጽፋል። ሁሉም ነገር ተነስቶ ሲያልቅ ግመሏ ትመጣለች።»

ግመሏ ስም መጠየቂያው ገጽ ላይ ያለች ፎቶ ናት። ወንድሜ ለሥራ ዶሎ ኦዶ ሄዶ ያነሳት። አፏን ወደ ጎን አጣማ ስታመነዥክ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

«ካርድ ሳይወጣለት ቢሞትስ?» አልኩት። ቀልዴን ነበር።

«ምን እንዳመመው የሚያውቅ የለም። መብራት ብልጭ ብሎ፣ ጸሐፊው ሳይነሳ ቢጠፋ፣ ቋቷ ውስጥ ያለው አብሮ ይጠፋል። እንዳልተነሳ ነው የሚቆጠረው።» ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ «ስታነበው ደግሞ ቀኑን አትመን፣ ሰዓቱ ሙት ነው። ተራውን እመን። ተራው አይዋሽም፤ ቀድሞ የሆነው ቀድሞ ነው የሚጻፈው» አለኝ።

የሐጂው ልጅ በዚህ መሃል መጥቶ በሩ ላይ ተደገፈ። ስልኩ እጁ ላይ ነው። ስልኩ ሁልጊዜ እጁ ላይ ነው።

«ዛሬም ይህችን ሚስትህን ከፍተህ ትውላለህ?» አለው፣ ግመሏን እያየ።

«ከአንተ ሚስት ትሻላለች።»

«እኔ ሚስት የለኝም።»

«ለዚህ ነዋ ዝም ያለችህ።»

ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ ከሆዴ አውጥቼ መትፋት ብችል ዛሬ እተፋዋለሁ።

«ስማ፣» አለ የሐጂው ልጅ፤ «ያ ሽቦ ብልጭ ብልጭ ሲል አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ሩዛችንን ታቃጥልና አባቴ በሩዙ ፈንታ አንተን ይቀቅልሃል።»

«ነገ መብራት ሲጠፋ እሠራዋለሁ፣» አለ ወንድሜ።

መብራት ነገም እንደሚጠፋ ማንም አልተጠራጠረም።

ሽቦውን ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ለከተማው መብራት የራሳችን ቆጣሪ አለን። ኮምፒውተሩ የሚነሳው በእሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ከሐጂው ጀነሬተር እንወስዳለን። ሽቦው ከመጋዘናቸው ጣሪያ ወጥቶ በጠባቧ መተላለፊያ ላይ አልፎ ወደ እኛ ይገባል። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ እጀታ ያለው ማዞሪያ አለ። እጀታው ወደ ላይ ሲሆን የከተማው መብራት ነው፣ ወደ ታች ሲሆን ጀነሬተሩ ነው፣ መሃል ላይ ሲሆን ሁሉም ሙት ነው። ያ ሽቦ የሚወጣው ከማዞሪያው በኋላ ስለሆነ ሁለቱም ሊደርሱበት ይችላሉ።

በማግስቱ መብራት ጠዋት ነበረ፤ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሠራንበት። ረፋድ ላይ ጠፋ። መንገዱ ሁሉ የጀነሬተር ጩኸት ሆነ። መብራት ሲጠፋ የእኛ መንገድ እንደዚያ ነው፤ የማን ጀነሬተር እንደሚጮኽ አይለይም። ወንድሜ ወደ መጋዘኑ ገብቶ የሐጂውን ጀነሬተር አጠፋ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እጀታውን መሃል ላይ ሲያደርገው ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ቀጭ ይላል። የሐጂው ልጅ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

«አደራ እንዳታስነሳው። መሰላል ላይ ነኝ።»

«እሺ አልን እኮ። ውጣ።»

ሐጂው አልነበሩም፣ ወደራ ገበያ ሄደዋል። ወንድሜ ሽቦውን በእኛ በኩል ቆረጠውና የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ አለቀበት። ናስትሮ ግዛ ብሎ ላከኝ። ገዝቼ ስመለስ መተላለፊያዋ ሰው ሞልቷል።

ያየሁትን አልጽፍም። መሰላሉ ቆሞ ነበር። መሰላሉ ብቻ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ነበር የሮጠው። ጀነሬተሩን ሄዶ በእጁ የነካ፣ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል ያለ የለም። እኔም አላልኩም። የሐጂው ልጅ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ይዞ ይጮህ ነበር። ማዞሪያውን በኋላ ሳየው እጀታው ወደ ላይ ነው።

«የከተማው መብራት ድንገት መጣ፣» አለ። ለሰው ሁሉ እንደዚያ አለ። «እጀታውን ላይ ትቶት ነው የወጣው፤ ረስቶት ነው። ኮምፒውተራቸው ራሱ ተነስቶ ነበር፣ በመስኮት አይቻለሁ። ግመሏ ድረስ ደርሶ ነበር። ከዚያ መብራቱ ተመልሶ ጠፋ።»

ረስቶት ነው። ይህች ቃል ናት። ሰው ይሞታል፣ አላህ የወሰነውን ማንም አያስቀረውም። ግን ወንድሜ በራሱ ዝንጉነት ሞተ ተባለ። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ከገመዱ አርቆ የሚያስቀምጥ ሰው። ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ስንቀብረው ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ምስኪን፣ ልብ አላለም አሉ።» አፈሩን የያዝኩበትን አካፋ ይዤ ዞርኩ። አፈሩን ወደ መቃብሩ ጨመርኩት።

ለቅሶ ቤት ደግሞ የሐጂው ልጅ ነበር እጅ የሚያስታጥብ። ማሰሮውን ይዞ ከሰው ሰው ይዞራል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሰዎች «እንዲህ ነው ወዳጅ» አሉ። እናቴ እጁን ይዛ፣ «አንተም ወንድምህን አጣህ» አለችው። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን አልዘረጋሁም። ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ያኔ ምንም አላውቅም ነበር። የማውቀው የእጀታውን ድምፅ ብቻ ነው። ቀጭ ያለው መሃል ላይ ነው ወይስ እኔ ነኝ እንደዚያ እንዲሆን የፈለግኩት? ይህን እየጠየቅኩ አነጋሁ።

ጎህ ሲቀድ መብራት መጣ። ሰዎች ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ እኔ የሱቁን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ።

ሱቁን ስከፍት ኮምፒውተሩ ተነስቶ ግመሏ ስክሪኑ ላይ ነበረች። ወንድሜ የለም፣ እሷ ታመነዥካለች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነው የከፈትኩት። ሎጉን አወጣሁ። ቀኑ የማይረባ ነበር፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ። አላየሁትም። ተራውን ነው ያየሁት።

ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ሄድኩ። የመጨረሻው መነሳት አሁን እየሠራ ያለው ነው፣ የዚያ ንጋት። በግራ በኩል ከነቃ ጀምሮ የቆጠረው ሴኮንድ አለ፣ ከዜሮ ይጀምራል። ከዜሮው በላይ ያለውን መስመር አየሁ። የትናንቱ ጠዋት ነው። ወንድሜ ስልኩን ያገናኘበት አለ፣ ሰዓቱ ወደ ትክክለኛው ቀን የዘለለበት አለ፤ ከዚያ መሃል ላይ ቁርጥ ይላል። ረፋድ ላይ መብራቱ የጠፋበት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የዛሬው ንጋት። በመሃላቸው ምንም የለም።

ዋሽቷል! ወደ በሩ ሮጥኩ። ከዚያ ቆምኩ፤ የወንድሜ ቃል ነው ያቆመኝ። ጸሐፊው ሳይነሳ ቢጠፋ እንዳልተነሳ ነው የሚቆጠረው። መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ቢሆንስ? እንደዚያም ቢሆን ሎጉ ባዶ ነው። የሐጂው ልጅ በዚህ ነጻ ሊወጣ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ልጻፈው እንደነበረው፤ ውሸታም ሆኖ እንዲገኝ እፈልግ ነበር። እውነቱን ከመፈለጌ ይልቅ እሱን መፈለጌ ይበልጥ ነበር።

ተመልሼ ስገባ ግመሏ የነበረችበት ስክሪን ፊት ለፊቴ ነው። ያኔ ገባኝ።

ግመሏ ድረስ ደርሶ ነበር ብሏል። ብልጭ ብሎ ጠፋ ቢል ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር። ግን ለውሸቱ ጌጥ ጨመረበት። ግመሏ የምትመጣው በመጨረሻ ነው። ዲስኩ ተከፍቶ፣ ጸሐፊው ተነስቶ፣ ቋቷን ገልብጦ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ። ግመሏን ያየ ሰው ካለ፣ ሎጉ ላይ መጻፍ አለበት። አልተጻፈም። ግመሏ አልመጣችም። የከተማው መብራትም አልመጣም።

ወደ ቤት ስመለስ መብራቱ እንደገና ጠፍቶ ነበር። ሐጂው ድንኳኑ ውስጥ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል፣ ሌሊቱን እኛ ቤት ነው ያደሩት። ልጃቸው ማሰሮውን ይዞ ቆሟል። ለሐጂው ተናገርኩ፣ እንደሚሆንልኝ። ቋቷን፣ ጸሐፊውን፣ ግመሏን። ምላሴ ይተሳሰር ነበር።

«ማሽን ነው፣» አለ ልጁ። «ሰዓቱን እንኳ አያውቅም፤ እናንተው አይደላችሁም እንዴ የምትሉት?»

አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይህን ነገር እኛ አናውቀውም። ዕቃ ምስክር አይሆንም። ሐዘን ነው፤ ተው፣ ቁጭ በል።»

እነሱም ልክ ናቸው። ሎጉ ለእኔ ተናግሯል፣ ለእነሱ ግን ጥቁር ስክሪን ነው። ስለዚህ ሌላ አልኩ።

«እሺ ተውኩት። ግን ሽቦው ተቆርጦ ቀርቷል። ይቀጥልልኝ። ወንድሜ የጀመረውን እሱ ይጨርሰው።»

«ዛሬ? በለቅሶ?» አለ ልጁ።

«ምን አለበት፣» አሉ ሐጂው። «የወንድምህ ሥራ ነው። ሂድ። እኔም እመጣለሁ።»

አምስት ሆነን ሄድን። መሰላሉ እንደቆመ ነው። የኮምፒውተሩን ሶኬት ወደ ጀነሬተሩ መስመር አዞርኩና ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ጀነሬተሩ አጠገብ ቆሜ የማስነሻውን ገመድ በእጄ ያዝኩ።

«እጀታውን ወንድሜ ትናንት እንደተወው አድርገውና መሰላሉ ላይ ውጣ፣» አልኩት።

ወደ ማዞሪያው ሄደ። እጀታው ወደ ላይ ነበር። በእጁ ያዘውና ዝቅ አደረገው። ቀጭ አለ። መሃል ላይ።

ከዚያ ሐጂው ቀስ ብለው፣ «ላይ ነበር አላልክም እንዴ?» አሉት።

«አይ... መብራት ድንገት ቢመጣ ብዬ ነው።»

«ወንድሜም እንደዚያ ብሎ ነው መሃል ያደረገው፣» አልኩ። «ላይ አድርገው። ላይ ነበር ብለሃል። ላይ አድርገውና ውጣ።»

እጀታውን ያዘ። ወደ ላይ አልገፋውም። መሰላሉን አየ፣ በእጄ ያለውን ገመድ አየ፣ አባቱን አየ። ሐጂው ፊታቸውን አላዞሩም። እኚያ አባት ልጃቸውን እንዲህ ሲያዩት፣ በእውነት እላለሁ፣ ደስ አለኝ።

«ስልኬ ሞቶ ነበር፣» አለ። ድምፁ የሕፃን ነበር። «የወረደ መሰለኝ። ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ... እጀታውን አውርጄ ለትንሽ ነው ያስነሳሁት፣ ስልኬ እስኪበራ። ወላሂ የወረደ መስሎኝ ነው።»

«እጀታውንስ በኋላ ማን ወደ ላይ አደረገው?»

ሐጂው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። ሌላኛው ስለ ጉማ፣ ስለ ደም ካሳ፣ ስለ ሽምግልና መናገር ጀመሩ። «እሱ በኋላ ይሁን አባ፣» አልኳቸው። «መጀመሪያ ሽቦዬን ይቀጥል።»

«አውፍ በለኝ፣» አለኝ። ይቅር በለኝ ማለቱ ነው።

ናስትሮውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ወንድሜ የላከኝ ናስትሮ ነው፣ ያልተከፈተ። «ውጣ» አልኩት።

እጀታው መሃል ላይ ነበር፤ መግደል አልፈለግኩም። ግን ገመዱን ከእጄ አልለቀቅኩም። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በበሩ በኩል እንዲያየኝ ወደ ብርሃኑ ቀረብ ብዬ ቆምኩ። ሽቦውን ሲልጥ በየመሃሉ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ወንድሜ ያመነውን ያህል እሱ እኔን ማመን ነበረበት፣ ያለ አደራ፣ ያለ ቃል። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ገመዱን አንድ ጊዜ በጥቂቱ ሳብ አደረግኩት፣ የሚያስነሳ አይደለም፤ ሽቦውን ለቆ መሰላሉን አቀፈ። «ቀጥል» አልኩት። ሐጂው «በቃ፣ ልጄ» አሉኝ። አልበቃኝም። እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

ወርዶ እግሩ መሬት ሲነካ እጀታውን ወደ ታች አወረድኩና ገመዱን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ጀነሬተሩ ጮኸ። ወደ ሱቃችን ተሻገርኩ።

ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ነበር። ነጩ ፊደል ጥቁሩ ላይ እየወረደ ነው። የወንድሜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዲስኩ ሲከፈት አየሁ፣ ጸሐፊው ሲነሳ አየሁ። ከንጋቱ መነሳት ቀጥሎ ሌላ መነሳት በተራው ሰፈረ፤ ገዳዩ በገዛ እጁ በቀጠለው ሽቦ።

ከዚያ ግመሏ መጣች። የሐጂው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እንደ ድሮው ሳይደገፍ። እንደገና «አውፍ በለኝ» አለ። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩለት።

«ይኸውልህ፣» አልኩት። «አሁን አየሃት።»